ቱሉ ዲምቱ ያለው የኮምፒውተር ጥገና ቤት፦ ሳይፈትሹ «ፎርማት ይደረግ» የማይባልበት

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ ወይም ገላን አካባቢ ሆናችሁ ኮምፒውተራችሁ አልነሳ ብሎ የተቸገራችሁ ካላችሁ ይህን አንብቡልኝ። የማወራው ከባጃጅ ተራው አለፍ ብሎ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ስላለችው ጠባብ የጥገና ሱቅ ነው። በሯ ላይ «የሬዲዮ፣ የቴሌቪዥንና የኮምፒውተር ጥገና» ይላል እንጂ ስም የላትም። ባለቤቱን ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው፣ እኔም እንደዚያው ልበላቸው። በአጭሩ፦ ሂዱ። ለምን እንደምል ደግሞ በዝርዝር ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም እሳቸው ችግሩን የፈለጉበት መንገድ እዚያ መሄድ ለማትችሉም ይጠቅማል።

ሥራዬ ቪዲዮ ኤዲቲንግ ነው፣ በብዛት የሰርግ። የጥር ሰርግ ከመድረሱ በፊት ላፕቶፔ አልችል ስላለኝ ከተማ ውስጥ ካለ አንድ ትልቅ መሸጫ አዲስ ዴስክቶፕ አስገጣጠምኩ። ብሩ ቀላል አይደለም፤ የብዙ ሰርግ ድካም ነው። ቤት አምጥቼ ስሰካው ፋኑ ይዞራል፣ የኬዙ መብራት ቦግ ይላል፣ ሞኒተሩ ግን «ኖ ሲግናል» ብሎ ይጨልማል። ትንሽ ቆይቶ ራሱ ይጠፋል፣ ራሱ ይነሳል፣ ደግሞ ይጠፋል። አንዳንዴ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሰው ዊንዶውስ ይከፍትልኛል፣ ግማሽ ቀን ያሠራኛል፣ ልክ ኤክስፖርት ማድረግ (ያለቀውን ቪዲዮ ወደ አንድ ፋይል ማውጣት) ስጀምር ሰማያዊ ስክሪን። ጨርሶ የሞተ ዕቃ ይሻላል እላችኋለሁ። አንዴ እየሠራ አንዴ የሚያስቸግር ዕቃ ለሻጩ ስታሳዩት ይሠራል፣ ቤት ስትመልሱት ይተኛል፣ ከዚያ ጥፋተኛዋ እናንተ ትሆናላችሁ።

ሻጩ ጋ ስደውል የመጀመሪያው መልስ «ፎርማት ይደረግ» ነበር። ይሄ ነገር በጣም ያበሳጨኛል። ኢንተርኔት ዘገየ፣ ፎርማት። ድምፅ ጠፋ፣ ፎርማት። ፎርማት ማለት እኮ ዲስኩን አጽድቶ ዊንዶውስን እንደገና መጫን ነው። ኮምፒውተር ሲነሳ መጀመሪያ ስሌቱን የሚሠራው ፕሮሰሰሩ፣ ጊዜያዊ ማስታወሻው ራሙና ምስል የሚያወጣው ግራፊክስ ካርዱ ይፈተሻሉ፣ እነዚህ ካለፉ በኋላ ነው ባዮሱ፣ ማለትም የማስነሻ ፕሮግራሙ፣ ዲስኩን ፈልጎ ዊንዶውስን የሚጠራው። የማዘርቦርዱ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) አርማ እንኳን ስክሪን ላይ ሳይመጣ የቆመ ኮምፒውተር ገና ዊንዶውስ ደጃፍ አልደረሰም። አርማው መጥቶ፣ ክቧ እየተሽከረከረች ከቀረች ወይም ማስነሻ ዲስክ አልተገኘም የሚል ጽሑፍ ከመጣ ያኔ ስለ ዲስክና ስለ ዊንዶውስ ማውራት ይቻላል። የእኔ እዚያ አልደረሰም። ይህን ስነግራቸው ሁለተኛው መልስ መጣ፦ «ዳር ስለሆናችሁ መብራታችሁ ነው።»

ጋሼ ጋ የሄድኩት ጎረቤቴ ስለነገረችኝ ነው። ኬዙን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬ ካቻቢቴ ያነሳሉ ብዬ ስጠብቅ ወንበር ስበው ጥያቄ ጀመሩ። «ልጄ፣ የማይነሳው ጠዋት ነው ወይስ ሲሞቅም ጭምር? ሲገጣጠም አጠገባቸው ነበርሽ? በምን አመጣሽው?» በባጃጅ አልኳቸው። ኮብልስቶን ላይ እየነጠረ የመጣ ኮምፒውተር ከባድ ግራፊክስ ካርድ ካለው ካርዱ ከቦታው ሊነቃነቅ እንደሚችል፣ ራምም በደንብ ካልተቆለፈ ብቅ ሊል እንደሚችል ያኔ ነው የሰማሁት። ሁሉንም በእስክሪብቶ ደብተራቸው ላይ ጻፉ። ከዚያ የኬዙ ጎን ላይ ያለውን የሻጩን ስቲከር አይተው እጃቸውን ሰበሰቡ። «ይሄ ከተቀደደ ዋራንቲ የለሽም ይሉሻል። መጀመሪያ ጽፈሽ አሳውቂያቸው፣ ይክፈት ይበሉሽ።» በቴሌግራም ጻፍኩ፣ ከሰዓት በኋላ «ይክፈቱት» የሚል መልስ መጣ፣ ስቲከሩን ሳይቀደድ ፎቶ አነሳንና ተከፈተ። ይቺ ነገር በኋላ ምን ያህል እንደጠቀመችኝ ታያላችሁ።

አሁን ሥራውን ላሳያችሁ። መጀመሪያ ሹራባቸውን አወለቁ። ጥር ላይ አየሩ ደረቅ ነው፣ ሱፍ ልብስ ደግሞ ስታቲክ ይይዛል፤ ያቺ ማታ ብርድ ልብስ ስትገልጡ ጠሽ የምትለዋ ነገር ቺፕ ላይ ብታርፍ ልታቃጥል ትችላለች። ከዚያ የኬዙን ያልተቀባ ብረት በመዳፋቸው ይዘው ትንሽ ቆዩ። ገመዶቹን በጣታቸው አንድ በአንድ ጫን ጫን አደረጉ። ባለ 24 ፒኑን ዋናውን፣ ቀጥለው ከፕሮሰሰሩ በላይ ጥግ ላይ የምትሰካውን ባለ 8 ፒን። ይቺኛዋ ከተረሳች ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ጨለማ ይሆናል፣ ኬዙ ውስጥ ጥግ ስለሆነች ደግሞ ሲገጣጠም ትረሳለች። የእኔ ተሰክታለች። ሞኒተሩንም የራሳቸውን አምጥተው በራሳቸው ኬብል ከግራፊክስ ካርዱ ጋር አገናኙ። የእኔ ፕሮሰሰር ስሙ በኤፍ የሚያልቅ ኢንቴል ነው። እንዲህ ዓይነቱ የራሱ ግራፊክስ የለውም፣ ስለዚህ ኤችዲኤምአዩን ማዘርቦርዱ ላይ የሰካ ሰው ጤነኛ ኮምፒውተር ይዞ ዓመት ቢጠብቅ ምስል አያይም። ይህን ብቻ አስተካክለውላቸው ሳያስከፍሉ የሸኟቸው ደንበኞች እንዳሉ ነገሩኝ።

ያው ነው፣ ጨለማ። ወደ ማዘርቦርዱ ጠርዝ ጎንበስ ብለው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። እዚያ ሲፒዩ፣ ዲራም፣ ቪጂኤ፣ ቡት የሚል የተጻፈባቸው የጤፍ ቅንጣት የሚያክሉ አራት መብራቶች አሉ። አዳዲስ ማዘርቦርዶች ብዙዎቹ እንደ ድሮው ቢፕ የሚል ድምፅ ማውጫ ተገጥሞላቸው አይመጡም፣ ግን እነዚህ መብራቶች ያሏቸው ብዙ ናቸው፣ ኮምፒውተሩ የትኛው ፍተሻ ላይ እንደቆመ ይናገራሉ። የእኔው ሲፒዩን አለፈና ዲራም ላይ ያለችው ቢጫ በርታ ቀረች። ዲራም ማለት ራም ነው። አስቡት፣ ሻጩ ይህን በስልክ ቢጠይቀኝ ራሴ አይቼ እነግረው ነበር።

እኔ ቢሆን እዚያው «ራሙ ተበላሽቷል» ብዬ እደመድም ነበር፣ ጋሼ ግን ገና አልረኩም። ማዘርቦርዱን ከኬዙ አውጥተው የራሱ ካርቶን ላይ አስተኙት፣ ምክንያቱም የኬዙ ብረት ከጀርባው የሆነ ቦታ ነክቶት ሾርት አድርጎት ሊሆን ይችላል። ለኮምፒውተሩ መብራት የሚያከፋፍለውን ፓወር ሰፕላይ በራሳቸው ቀየሩ። ባትሪዋን፣ ያቺን ሳንቲም የምታክለውን ሲአር 2032፣ ነቅለው ጥቂት ደቂቃ አስቀመጡ፣ ባዮሱ ወደ ነበረበት ይመለስ ብለው። ሻጩ ራሙ ፈጥኖ እንዲሠራ ኤክስኤምፒ የሚባለውን አብርቶት ስለነበር ጥፋቱ የፍጥነቱ ነው ወይስ የራሙ የሚለው መለየት ነበረበት። ከዚያ አንድ ራም ብቻ ተውለት፣ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛው ቀዳዳ ላይ። የኬዙ ቁልፍ ስለሌለ በካቻቢቴ ጫፍ ሁለቱን የፓወር ፒኖች አንዴ ነካ አደረጓቸው። ፋኑ ዞረ፣ ቢጫዋ ጠፋች፣ አርማው መጣ። አጠፉ፣ አስነሱ። አጠፉ፣ አስነሱ። ሁሌም ይመጣል። ያንን አውጥተው ሌላኛውን እዚያው ቀዳዳ ላይ ከተቱ። ቢጫ። እግሮቹን በንጹህ አልኮልና በለስላሳ ብሩሽ ጠረጉት፣ አሁንም ቢጫ፣ አንዳንዴ ብቻ ይነሳል። በመጨረሻ አራተኛው ቀዳዳ ላይ ሞከሩት፣ ያው። ደህናውን ራም አራተኛው ላይ ሲያስገቡት ግን ይሠራል። አሁን ቀዳዳው ነጻ ወጣ፣ ማዘርቦርዱ ነጻ ወጣ፣ ፓወሩ ነጻ ወጣ። የቀረው ያ አንዱ ራም ነው።

በነገራችን ላይ ሻጩ ሁለቱን ራሞች ጎን ለጎን ነበር የሰካቸው። አራት ቀዳዳ ባለው ቦርድ ላይ ሁለት ራም ሲገባ የተለመደው 2ኛውና 4ኛው ነው፣ እንደ እኔው ጎን ለጎን ከሆኑ ብዙ ጊዜ ሁለቱም አንድ ቻናል፣ ማለትም አንድ የመረጃ መስመር፣ ላይ ወድቀው ፍጥነት ይቀንሳል። ለቪዲዮ ሥራ ይሄ ይሰማል። ብልሽቱ ያ አልነበረም፣ ግን አስተካከሉልኝ።

ያን ቀን ውሰጂው አላሉኝም። «አየሁት ብቻ አይበቃም፣ ወረቀት ያስፈልግሻል» ብለው ሜምቴስት 86 የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም በፍላሽ አስነስተው ሁለቱን ራሞች በየተራ ሌሊቱን አሳደሩት። ይህ ፕሮግራም ዊንዶውስ ሳይነሳ ራሙ ላይ እየጻፈ መልሶ ያነባል፣ የጻፈውና ያነበበው ካልተመሳሰለ ስህተቱን በቀይ ይዘረዝራል። ጠዋት ስሄድ የደህናው ስክሪን ንጹህ ነው፣ የሌላኛው ፎቶ ደግሞ በቀይ መስመር ተሞልቷል። እኔ እንደ ዕድል ከበድ ያለ ሥራ ስጀምር ይወድቃል የምለው ሰማያዊ ስክሪንም እዚሁ ተፈታ፤ ኤክስፖርት ሲደረግ ራሙ ስለሚሞላ የተበላሸው ክፍል ላይ መድረሱ አይቀርም። የራሙን መለያ ቁጥር፣ የተሞከረበትን ቀዳዳ፣ የስህተቱን ፎቶ፣ ሁሉንም በእጃቸው ጽፈው ማኅተም አድርገው ሰጡኝ።

ሻጩ ጋ ስሄድ እንደፈራሁት «ሌላ ሰው ከፍቶታል» ተባለ። ቴሌግራሙን ከፍቼ አሳየሁ። ወረቀቱን ሰጠሁ። ከዚያ በኋላ ክርክር አልነበረም፣ እዚያው አዲስ ራም ሰጡኝ። ጋሼ ይህን አዲሱንም አንድ ሌሊት ፈትሸው ነው የገጠሙልኝ። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩ በአንድ ቁልፍ ይነሳል፣ የጥርን ሰርግ በሙሉ ሠርቼበታለሁ።

የመብራቱን ጉዳይ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልፈልግም፣ ምክንያቱም ዳር ለምንኖር ሁሉ የሚቀርብልን ሰበብ ነው። ጋሼ እንዲህ ብለው ነው የመለሱት፦ ችግሩ ቤትሽም ሱቄም ላይ ከታየ መብራቱ ብቻውን ሊጠየቅ አይችልም። ሱቃቸው እንግዲህ ወፍጮ ቤት አጠገብ ነው፣ ሞተሩ ሲነሳ አምፖሉ ደብዘዝ ይላል፣ እሳቸው ግን በስታቢላይዘር ነው የሚሠሩት። ቢሆንም ረዳታቸውን ማታ ቤቴ ልከው ሶኬቱን በቴስተር አስለኩልኝ። ደረጃው 220 ቮልት ነው፤ ምጣድ በሚጣድበት ሰዓት እኛ ሕንጻ ላይ 190 አካባቢ ይወርዳል። አንድ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይወስዳል፣ ሁሉም ቤት በአንድ ጊዜ ሲጋግር አስቡት። ሆኖም የእኔ ፓወር ሰፕላይ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ተብሎ ተጽፏል፣ ስለዚህ 190 አያስጨንቀውም። የእናንተን ገልብጣችሁ እዩት። ከኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ያለው ዓይነት ከሆነ ግን እንዲህ ሰፊ ቦታ የለውም፣ ቮልት ሲወርድ ሊያስቸግር ይችላል፣ ማብሪያው ደግሞ 230 ላይ መሆኑን ሳታረጋግጡ እንዳትሰኩት። የሚያስፈራው ይላሉ ጋሼ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ያለው ግፊት ነው። መብራት ሲሄድ ከሶኬቱ ንቀሉ፣ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ታገሱ። ሥራ የሚሠራበት ከሆነ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው ዕቃ) ይኑር፣ ያውም የሚያወጣው ሞገድ ንጹህ ሳይን፣ ማለትም እንደ መስመሩ መብራት ለስላሳ፣ የሆነ፤ ርካሾቹ አንዳንዱን አዲስ ፓወር ሰፕላይ ወደ ባትሪ ሲቀይሩ ያጠፉታል።

ሱቁ ውስጥ ተቀምጬ ስጠብቅ ያየሁት አንድ ሌላ ነገር አለ። አንድ ወጣት አዲስ ራይዘን ኮምፒውተሩን ተሸክሞ መጣ፣ ራሙ ዲዲአር 5 የሚባለው አዲሱ ዓይነት ነው፣ «ሞቷል፣ ልመልሰው ነው» አለ። ጋሼ ሰኩት፣ አስነሱት፣ ሻይ ጠጡ። «አትንካው፣ ተወው» እያሉ። ጥቂት ደቂቃ ጨለማ ሆኖ ቆየ፣ ከዚያ አርማው መጣ። እነዚህ አዳዲስ ቦርዶች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሱ ራሙን እያጠኑ ብዙ ደቂቃ ሊወስዱ ይችላሉ፤ ልጁ በየጊዜው በመሃል እያጠፋው ከመጀመሪያው እያስጀመረው ነበር። ምንም አላስከፈሉትም።

አሁን ያልወደድኩትን። ወፍጮ ቤት አጠገብ መሆኑ የምሬን ያሳስበኛል። ዱቄቱ ይገባል፣ በር ሲከፈት ጠረጴዛው ላይ በዓይን ይታያል፣ ክፍት ኮምፒውተር ደግሞ አቧራ አይወድም። ነገርኳቸው፣ የከፈቱትን በጨርቅ ይሸፍናሉ፣ ግን በሩ ላይ መስታወት ቢገባ ነበር የሚሻለው። ስልክ አያነሱም፣ ረዳታቸው ካልኖረች በስተቀር ቴሌግራምም አይመልሱም። ቅዳሜ ከሄዳችሁ ቆማችሁ ትጠብቃላችሁ፣ መቀመጫው አንድ ዱካ ብቻ ነው። ለቸኮለ ሰው አይሆኑም፣ የእኔ ኮምፒውተር እሳቸው ጋ ሰንብቷል፣ ሥራዬ ሲቆም ተጨንቄያለሁ። የላፕቶፕ ማዘርቦርድ ላይ ረቂቅ የብየዳ ሥራ ከሆነም አይሞክሩም፣ «ይሄ የእኔ አይደለም» ብለው ከተማ ይልካሉ። ይሄን እንደ ጉድለት ልቁጠረው ወይስ እንደ ሐቀኝነት፣ እኔ ሐቀኝነት ነው የምለው፣ ግን ሩቅ ለመጣ ሰው መንገድ ነው። ዕቃም አይሸጡም። ራም ፈልጋችሁ ከሆነ አታገኙም። እኔ በበኩሌ ይህን ነው ከሁሉ የወደድኩት፣ ምክንያቱም የሚሸጥ ራም መደርደሪያው ላይ ያለው ሰው ራምሽ ተቃጥሏል ሲለኝ ለማመን ይከብደኛል።

ክፍያውን ከመክፈታቸው በፊት ነው የነገሩኝ። ለምርመራ 600 ብር፣ የሌሊቱ ፍተሻና ወረቀቱ እዚያው ውስጥ ነው፣ ለመልሶ መግጠሙ ሌላ አልተጨመረም። ለቤት መምጣቱ የረዳቷን የባጃጅ ብቻ ሰጠሁ።

ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ወደ ኮንዶሚኒየሙ በሚገባው መንገድ ነው፣ ወፍጮ ቤቱን ብላችሁ ጠይቁ፣ ባጃጆቹ ያውቁታል። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ማታ 1 ሰዓት ክፍት ናቸው፣ ወር በገባ በ12 ግን ሚካኤልን ተሳልመው ከሰዓት ነው የሚከፍቱት። ስትሄዱ የገዛችሁበትን ደረሰኝ፣ የፓወር ገመዱንና ማዘርቦርዱ የመጣበትን ካርቶን ይዛችሁ ሂዱ፣ ሞኒተር አያስፈልግም።